የይፋቱ ሳክስፎን

ጣርማ በር ላይ ጋቢ ያስደረበ ብርድ አርማኒያን ካለፉ በኋላ የለም። ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ነገር። እኔም ወደ ደሴ ስሄድ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ጁስ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችና አንድ የማሾ ነጋዴ ክርክር ገጥመዋል። ነገሩ የቆየ ነው፤ ከሙዚቀኞቻችን ሁሉ ማን ይበልጣል? ነጋዴው ጥላሁን ገሠሠ አለ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የእሱ ልጅ ነው ብሎም ደመደመ። ከሾፌሮቹ አንዱ ቴዲ አፍሮን አነሣ፣ ሌላው መሐሙድ አህመድን። ፓፓያ የምትልጠው ልጅ ከሥራዋ ቀና ሳትል «አስቴርን ሳትጠሩ?» ብላ ተቆጣቻቸው።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ከዚህ ከይፋት የወጣስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተያዩ። «ከዚህ እንኳ የወጣ ሙዚቀኛ የለም» አለኝ ነጋዴው።

ይህ መልስ ደሴ እስክገባ አልለቀቀኝም። ይፋት የወለደችው ጌታቸው መኩሪያ የሚባል ሰው ነበራ! መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ተወለደ፣ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። በሕይወት ሳለ አምስተርዳም ውስጥ ወጣቶች ተጋፍተው የገቡለት፣ ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ላይ ቆሞ የነፋ ሰው ነው። በተወለደበት ቆላ ግን ማን ይበልጣል ሲባል ስሙ ከዝርዝሩ ግርጌ እንኳ አይገኝም።

የክርክሩን መልክ አንባቢ ያውቀዋል። በየቡና ቤቱ፣ በየሬዲዮ ጣቢያው፣ በየበዓሉ ዋዜማ ይነሣል። ጥላሁን ያለው ሰው የያዘው ማስረጃ ከባድ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዴት ወጥቶ እንደሸኘው ያየ አይረሳውም፤ ዛሬም መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ወጣት ድምፁን የሚፈትነው በጥላሁን ዘፈን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የሚል ደግሞ ወደ ውጭ ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ሙዚቃውን ከተጠቀመ ወዲህ ኢትዮ ጃዝ የማይሰማበት አህጉር የለም፣ ራፐሩ ናስና ዴሚያን ማርሊም ከዜማው ቆርጠው ወስደዋል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ክርክሩ ቢነሣ ዓሊ ቢራን የሚቀድም የለም። አረጋውያን ሲገቡበት ደግሞ ቅዱስ ያሬድን ይጠሩና ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ። እውነትም ናቸው፤ በስድስተኛው መቶ ዘመን የተደረሰ ዜማ ዛሬ ሌሊት በደብረ ሲና ማርያምም በአክሱምም ይቆማል፣ ይህን የመሰለ ተፅዕኖ ያለው ሙዚቀኛ ዓለም ላይ ስንት አለ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ክርክሩ በአብዛኛው ዘፋኝ ብቻ መቁጠሩ ነው። ግጥም ያለው ይቆጠራል፣ ስሙ ሽፋን ላይ የተጻፈ ይቆጠራል። ከኋላው ቆሞ የነፋው፣ የመታው፣ ያቀናበረው ይዘለላል። ጌታቸው ከዓለማየሁ እሸቴ፣ ከሂሩት በቀለ ኋላ ነፍቷል። ሕዝቡ ለዓመታት ሰምቶታል፤ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ ሳክስፎን በይፋት ልጅ እጅ እንዴት እንደገባ ካልተነገረ ያደረገው ነገር አይገባም። የናስ መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው ከአድዋ ድል በኋላ ነው፤ ከሩሲያ በስጦታ መጣ፣ ባንድ ተቋቋመ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ለጉብኝት ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከአርመን ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ ሠርተው ተቀበሏቸው። ልባቸው ተነክቶ ልጆቹን ይዘው መጡ። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከጣሊያን ጦርነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን፣ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ መራ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ ደመወዙን የሚቀበለው ከወታደር ቤት ነበር።

ጌታቸው በማሲንቆና በክራር ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። ገና በአሥራ አራት ዓመቱ፣ በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ቀጥሎ ቴአትር ቤቱ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ፖሊስ ኦርኬስትራ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የብዙ ነፊዎች ታሪክ ነው። ልዩ ያደረገው ሸለላን አንሥቶ ለሳክስፎን መስጠቱ ነው።

ሸለላ ጦር ሜዳ ሊወርድ የተዘጋጀ ሰው ደሙን የሚያሞቅበት፣ ከድል ሲመለስም ጀግንነቱን የሚቆጥርበት ነው። ቃሉ ብዙ አይደለም፣ ጉልበቱ ትንፋሹ ላይ ነው። የጌታቸውን ሸለላ በጥሞና የሰማ ይህንኑ ያገኛል፤ አንዱን ድምፅ በረጅም ትንፋሽ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊያልቅ ሲል ያሻክረዋል፣ ከዚያ ድንገት ወደ ላይ ይወረውረዋል። ፎካሪ «ዘራፍ!» ብሎ ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚፈጠረው ድንጋጤ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣም የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ለብሶ ነበር። የውጭ ተቺዎች አነፋፉን ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር የፍሪ ጃዝ አነፋፍ ጋር ያስተያዩታል። እሱ ግን የጀመረው እነሱ ገና ሳይታወቁ ነው፤ ምንጩም ሌላ ነው።

ምንጩን ለመገመት የተወለደበትን ዓመት ማየት ይበቃል። 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነው። ልጅነቱ ያለፈው ሸዋ ውስጥ አርበኞች በራስ አበበ አረጋይ እየተመሩ በሚዋጉበት ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከደረሰው እልቂት በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ለሮም ከላካቸው መልእክቶች አንዱ ተረት ነጋሪና ጠንቋይ እንዲገደል ማዘዙን ይናገራል፤ በአገሩ የሚዞር አዝማሪም በዚሁ ተጠራርጓል። ጠላት የፈራው ማሲንቆና ሸለላ ነው። አዋቂዎች በዚያ ዘመን በየጫካው የሸለሉትን አንድ ሕፃን ሰምቶ ካደገ፣ በጎረምሳነቱ ሳክስፎን ሲሰጡት ምን ይነፋበታል?

በሌላ ጊዜ በሸዋ ሮቢት ይህን ያወራኋቸው ከደርግ ዘመን ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ካሴት ይሸጡ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ነግረውኛል፣ የተናገሩት ግን መጻፍ አለበት።

«ጌታቸውን ያወቅኩት ሳላውቀው ነው» አሉኝ። «ያን ጊዜ የአሰብ መንገድ በዚህ ነበር። አንድ ሾፌር ተሳቢውን እዚህ ያቆምና በሩን ከፍቶ ቴፑን ይለቀዋል። ዘፈን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቃል የለውም። ግን ይፎክራል! አባቴ ለሠርግ ሲሸልል እንደማውቀው ነው። ምን እያለ ነው? አልኩት። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የእናንተ አገር አይደል? አለኝ። ይፋትን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።»

ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ዝርዝር ውስጥ አይገባም? አልኳቸው።

«ልጄ፣ ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ስም ይጠራል። የጥላሁን፣ የኤፍሬም፣ የንዋይ ይላል። የነፊውን ስም ጠርቶ የገዛኝ አንድ ሰው አላስታውስም። ስሙ ካልተጠራ እኔም አላመጣም። ካላመጣሁ ማን ይሰማዋል?» ትንሽ አሰቡና ደግሞ፦ «ጥላሁንን ማን ይነካዋል? እኔ አልነካም። ግን እንዲህ ነው፤ ጥላሁንን የሰማ ሰው ጥላሁንን መምሰል ይፈልጋል። ጌታቸውን የሰማ ሰው አያቱን መምሰል ይፈልጋል።»

ከሰማኋቸው መለኪያዎች ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

በጉዳዩ ላይ ከአካባቢው የባህል ሥራ ኃላፊዎች አንዱን አነጋግሬ ነበር። ጌታቸው የየትኛው መንደር ተወላጅ እንደሆነ የተያዘ መዝገብ አለ ወይ፣ ስሙን የሚያስጠራ የታሰበ ነገር አለ ወይ ነበር ጥያቄዬ። «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ። ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሡም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አዲስ ዘመን ተከፈተ። ዓሊ ታንጎ የሚባሉት ዓሊ አብደላ ከይፋ ተከተሉ፣ ፊሊፕስም ገባ፤ የጌታቸው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የተሰኘ ሸክላ የወጣው በፊሊፕስ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ክበብ ዘጋ፣ ካሴት ሸክላን ተካ፣ አምሃም ከአገር ወጣ። ያ ሁሉ ሸክላ የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ እስኪያወጣው ድረስ ተረስቶ ቆየ፤ ዐሥራ አራተኛው የጌታቸው ነው። እሱን የሰሙት ዘ ኤክስ የተባሉት የሆላንድ የፓንክ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ሰው ጋበዙት። «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው ሠሩ፣ ለዓመታት አውሮፓን አዳረሱ። የፓንክ ጊታር ከሸለላ ጋር ይጣላል ብሎ የጠበቀ ይሳሳታል፤ ሁለቱም ቁጣ ያውቃሉ።

ከቅዱስ ያሬድ በቀር ዝርዝሮቻችን ሁሉ የሚጀምሩት ማይክራፎን ከተገኘበት ቀን መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል። ይፋት ውስጥ ከዚያ በፊት የነበረውን ማን ይቁጠረው? ቆላው የወላስማዎች ሱልጣኔት መቀመጫ፣ ከአንኮበር ግርጌ የአልዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ የነበረ ምድር ነው። ሰንበቴ ላይ እሁድ ገበያ ቢወጡ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። የአርጎባው ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር፣ ከከሚሴ ወዲያ የሾንኬው ሼህ ጀውሃር በአማርኛና በዓረብኛ የደረሱት መንዙማ ዛሬም በመውሊድ ሌሊት በድቤ ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ ዘፋኞች ይልቅ በዚህ ቆላ ሕይወት ውስጥ ጠልቆ የገባው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ከዚህ መንገድ ወደ ላይ ባሉ ስፍራዎች ስም ይጠራሉ። ባቲን መጀመሪያ የቃኘው ማሲንቆ መቺ ስም የለውም። በባቲ ያልዘፈነ ታላቅ ዘፋኝ ግን የለም፣ ጥላሁንም ቢሆን።

ያልተቆጠረው እንዴት እንደሚጠፋ በአጭሩ ልንገር። ካሴት ሻጩ አዛውንት የቀራቸውን ሁለት ካርቶን ካሴት አጣዬ ከተማ ወንድማቸው ቤት አስቀምጠው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ከቤቱ ጋር ነደደ። በ2014ቱ ጦርነትም ከተማዋ ምን እንዳየች ሁላችንም እናውቃለን። ሸለላ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ ይቀንሳሉ። በሠርግ ላይ ማሲንቆ በኪቦርድ ከተተካ ቆይቷል።

ከእነዚህ ኪቦርድ መቺዎች አንዱን፣ ሃያዎቹን ያላጋመሰ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ ሠርግ ላይ ሸለላ ሲመታ ሰምቼ ከየት እንደተማረው ጠየቅኩት። ከዩቲዩብ፣ ፈረንጆች ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ጋር ሲጫወቱት አይቶ ነው። ሽማግሌው ይፋት የተወለደ መሆኑን ስነግረው ስልኩን አወጣና ሌላ ነገር አሰማኝ፤ የገዛ አያቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲሸልሉ ቀድቷቸዋል፣ ከሥሩ በኪቦርድ የጌታቸውን አነፋፍ እየተከተለ ገብቶበታል። ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ዶሮም ይጮኽበታል፣ የአያቱ ትንፋሽ ግን አልከዳም።

ማን ይበልጣል? አልኩት።

«አያቴ» አለኝ ሳያመነታ። «ከዚያ ጌታቸው። ከዚያ ጥላሁን።»