የዩሪያን ዱካ የሚያሳየው ናይትሮጅን 15

50 ኪሎ ዩሪያ በያዘ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ገበሬው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ነጩ ፍሬ እርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ ግን ከፊሉ ሰብሉ ሳያገኘው አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያመነጩታል፤ አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር እ.አ.አ. በ1926 አጥርቶ አውጥቶታል። ማለዳ ከበረት የሚወጣው፣ ዐይን የሚያቃጥለው ሽታም ይኸው አሞኒያ ነው፤ የከብት ሽንት ዩሪያ አለበትና። ሙቀት፣ ነፋስና አልካላይን የሆነ አፈር ትነቱን ያባብሱታል።

አሞኒያው አንዴ አየር ላይ ከወጣ ከየት እንደመጣ በምን ይለያል?

ናይትሮጅን በክብደት የሚለያዩ ሁለት የማይፈርሱ አይሶቶፖች አሉት። በአየር ውስጥ ካሉት 1000 የናይትሮጅን አተሞች 996 ያህሉ ናይትሮጅን 14 ናቸው። የቀሩት 4 ገደማ አንድ ኒውትሮን የሚበልጣቸው ናይትሮጅን 15 ናቸው፤ ጨረር ስለሌላቸው ማሳ ላይ ቢበተኑ አያሰጉም።

ተመራማሪዎች ናይትሮጅን 15 የበዛበት ዩሪያ አሠርተው በጠባብ መደብ ላይ ይበትናሉ። ከመደቡ በላይ አሲድ ውስጥ የተነከረ ስፖንጅ ያንጠለጥላሉ፤ የሚተነውን አሞኒያ ይይዝላቸዋል። ሰብሉ ሲደርስ እህሉ፣ ገለባውና አፈሩ ደርቆ ይፈጫል። ናሙናው ተቃጥሎ ናይትሮጅን ጋዝ ከሆነ በኋላ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለ መሣሪያ ክብደታቸው 28፣ 29 እና 30 የሆኑትን ሞለኪውሎች በማግኔት ይለያል። ከማዳበሪያው ምን ያህሉ እህል ውስጥ እንደገባ፣ ምን ያህሉ አፈር ውስጥ እንደቀረና ምን ያህሉ እንደጠፋ የሚሰላው ከዚህ ነው።

ምንም ሳይጨመርም ዱካው ይገኛል። ቀላሉ ናይትሮጅን 14 ቀድሞ ስለሚተን መጀመሪያ የሚወጣው አሞኒያ ናይትሮጅን 15 ያንሰዋል፤ አፈሩ ውስጥ በሚቀረው ደግሞ ይበዛል። ትነቱ በገፋ ቁጥር የሚወጣውም እየከበደ ስለሚሄድ የአንድ ቀን ናሙና አያስተማምንም፤ በየቀኑ መከታተል ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ከገበሬው ኪስ ያልፋል። አሞኒያ ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ ከሚፈጠሩ አሲዶች ጋር ሲዋሐድ ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል።

ትነቱን ለመቀነስ በመስመር የተዘራ በቆሎ አጠገብ ዩሪያውን ቀብሮ አፈር ማልበስ ይቻላል። በብተና በተዘራ ጤፍ መሐል ግን መቆፈር አይሆንም። እዚያ የሚያዋጣው ደህና ዝናብ ሊጥል ሲል መበተን ነው፤ ውሃው ዩሪያውን አሟሙቶ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ካፊያ ብቻ ከሆነ ግን ዩሪኤዝን ቀስቅሶ አሞኒያውን ለነፋስ ይሰጠዋል።