ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ጭራቅ

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ጭራቅ ብቅ ሲል ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፍ ይመዛል። የጃፓኑ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፕሌይስቴሽን ባወጣው «ዲጂሞን ወርልድ» ግን ሥጋ ያቀርብለታል።

ተጫዋቹ መጀመሪያ ጥቂት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ እንደ መልሱም አጉሞን ወይም ጋቡሞን የሚባል ጭራቅ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሞግዚት ነው። ከጭራቁ ራስ በላይ የሥጋ ምልክት ሲታይ ማብላት፣ እንቅልፍ ሲጥለው ማስተኛት፣ ሲያጠፋ መቆጣት፣ ሲጎብዝ ማሞገስ። ሽንት ቤት ሳይደርስ ካመለጠው መንገድ ላይ ይጸዳዳል። ይህ ሲደጋገም ሱካሞን ወደሚባል፣ የሰገራ ክምር ወደሚመስል ፍጡር ይለወጣል። ለተመልካች ያስቃል፤ ሰዓታት ለለፋበት ተጫዋች ግን አያስቅም።

በውጊያ ላይም ጭራቁ የሚታገለው በራሱ ነው። ተጫዋቹ ዳር ቆሞ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የጭራቁ ብልህነት ሲጨምር የሚቀበላቸው ትእዛዞችም ይበዛሉ።

የነገሩ ሥር ታማጎቺ ነው፤ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ለገበያ ያቀረበው፣ ምናባዊ እንስሳ የሚያሳድጉበት እንቁላል መሰል መጫወቻ። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው የመጀመሪያው የዲጂሞን መጫወቻ ደግሞ ሁለት መጫወቻዎችን አገጣጥሞ ጭራቆቹን ማዋጋትን ጨመረበት።

የተጫዋቹንና የጭራቁን ትስስር የሚያጠብቀው ግን ውጊያው ሳይሆን ሞቱ ይመስላል። የ«ዲጂሞን ወርልድ» ጭራቅ የቱንም ያህል ቢንከባከቡት ያረጃል፣ ይሞታል፤ ከዚያም ተጫዋቹ አዲስ እንቁላል ይመርጣል። የሚፈለፈለው ግልገል ከቀዳሚው ጉልበት ከፊሉን ይወርሳል፤ ሥልጠናው ግን እንደገና ከሀ ይጀመራል።