ስለ እናታችን ድምፅና ስለ ተቃጠለው ኮምፕዩተር
በቤታቸው ስፒከር ለሚፈትኑ ሁሉ የሚሆን ምክር

ሰው ሲያልፍ መልኩ በሥዕል፤ ቃሉም በጽሕፈት ይቀራል፤ ድምፁ የሚቀርበት መንገድ ግን ለብዙ ዘመን አልነበረም። ይህንንም ነገር በነቀምቴ የምንኖር ሰዎች አጥብቀን ልናስተውለው ይገባናል። አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረትና ዘፈን ከልባቸው እያወጡ ጻፉ፤ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋራ ሆነው ያዘጋጁትም የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አገለገሉ። ተረቱ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የተረቱበት ድምፅ ግን ከባለቤቶቹ ጋራ ዐልፏል።

የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ካሴትን ካወጣ በኋላ ግን ድምፅን ማስቀረት ለባለጸጋም ለድኻም የሚቻል ሆነ። ስለዚህ በነቀምቴ ቢሆን፤ በጊምቢ፤ በነጆ፤ በደምቢ ዶሎም ቢሆን፤ በሣጥን ታች የሰርግ ወይም የሽማግሌ ምርቃት ካሴት ያኖረ ቤተ ሰብ አይታጣም። በእኛም ቤት እናታችን ቡና አፍልተው ቤተ ሰቡን ሲመርቁ የተቀዳበት አንድ ካሴት ነበረ። እርሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ልጃችንም በሕይወት አላየቻቸውም። ክሩ እያረጀ መሄዱን ስናይ፤ ፈጽሞ ሳይጠፋ ወደ ኮምፕዩተር እናዛውረው ብለን አሰብን።

ለሰርግ የተገዛ አምፕሊፋየር የሚባል የማጉያ መኪናም ከሁለት ታላላቅ ስፒከሮች ጋራ በጓዳ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስፒከሮቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ይናገሩ እንደ ሆነ ለመፈተን፤ በዚያውም ካሴቱን ለማዛወር ተነሣን። ልጃችን «አባባ፤ ሰኞ ጠጋኙን ጠይቀን ብንሠራው አይሻልም?» አለችን። እኛ ግን ስንቱን የፍርድ ቤት መዝገብ ያገላበጥን ሰዎች ሁለት ሽቦ ማገናኘት ያቅተናል ወይ ብለን አልሰማናትም። ወደ ስፒከሩ ከሚሄደው ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥተን፤ በጫፉ ጃክ አስረን በኮምፕዩተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ አገባነው፤ የመኪናውንም ድምፅ ከፍ አደረግነው። ስፒከሮቹ አንድ ጊዜ ጮኹ፤ ኮምፕዩተሩም «ጭርር» ብሎ ዝም አለ። መስተዋቱ ይበራል፤ ጽሕፈቱ ይነበባል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም፤ አይቀበልምም።

ልጃችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷት ትምህርቷን የምታዳምጠው በዚያ ኮምፕዩተር ነበር። ክፉ ቃል አልተናገረችንም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ።

ሰኞ ዕለት ጠጋኙ ወጣት ሽቦአችንን አይቶ «ጋሼ፤ ወንዙን በጭልፋ ልትቀበሉት ነው የሞከራችሁት» አለን። ነገሩንም እንዲህ ሲል ገለጠልን፦ የማይክሮፎን ቀዳዳ የሚጠብቀው ኀይል የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ ነው። 50 ዋት ወደ 8 ኦም ስፒከር የሚሰጥ መኪና ግን በሙሉ ኀይሉ በስፒከሩ ሽቦ ላይ 20 ቮልት ያህል ይሰዳል። ዱሮ የኮምፕዩተር ድምፅ ሰጪ፤ የክሪኤቲቭ ኩባንያ በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው እንደ ሳውንድ ብላስተር፤ ለብቻው የተሠራ ካርድ ስለ ነበረ ሲቃጠል ይለወጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ከዋናው ሰሌዳ ጋራ የተበየደ ትንሽ ቺፕ ነው። ስለዚህ ቺፑን መለወጥ አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ፤ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚገባ ጣት የሚያህል ድምፅ ሰጪ ገዝተን ችግራችን በጥቂት ገንዘብ ቀለለ።

እኛ ከደረሰብን ጉዳት የተማርነውን አንባቢ ያለ ጉዳት እንዲያገኘው የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ አሮጌ ስፒከር መናገሩን ለማወቅ ኮምፕዩተር አያስፈልግም። ስፒከሩን ከመኪናው ፈትቶ፤ የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ሁለት ጫፍ ከሁለቱ ሽቦዎቹ ጋራ ለቅጽበት ያህል ማነካካት ነው። «ቋ» ካለ ሽቦው አልተበጠሰም፤ ዝም ካለ ወደ ጠጋኝ ይወሰድ።

ሁለተኛ፤ የራሱ ማጉያ የሌለውን የ4 ወይም የ8 ኦም ስፒከር በኮምፕዩተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አታግቡ። ቀዳዳው የተሠራው በአብዛኛው 32 ኦምና ከዚያ በላይ ለሆነ ማዳመጫ ስለ ሆነ፤ ድምፁ ይደክማል፤ ቺፑም ከዐቅሙ በላይ ይጫናል።

ሦስተኛ፤ ጃክ በምታገቡበትና በምታወጡበት ጊዜ መኪናው ይጥፋ፤ ጃኩ ሲንሸራተት የማይገናኙትን ጫፎች ለቅጽበት ያገናኛቸዋልና። ሽቦው ከተያያዘ በኋላ በመጀመሪያ ኮምፕዩተሩ፤ በመጨረሻም ማጉያው ይብራ፤ በማጥፋት ጊዜ ግን ማጉያው ይቅደም።

አራተኛ፤ ካሴት ለማዛወር ከቴፑ የመስመር መውጫ ወይም ከማዳመጫው ቀዳዳ፤ ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሮ፤ ወደ ኮምፕዩተሩ የመስመር መግቢያ ይወሰድ። ወደ ስፒከር ከሚሄደው ሽቦ ግን ከቶ አይወሰድ።

በዚሁ መንገድ ካሴቱን ደግመን አጫወትነው። የአንደኛው ገጽ ድምፅ በደኅና ተቀዳ፤ የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ግን ክሩ ስለ ደከመ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በቀደሙት ዓመታት ብንነሣ ኖሮ እርሱም ባልጠፋ ነበር። እናታችን በኦሮምኛ እየመረቁ ገና ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቻቸውን ሲያነሡ፤ ልጃችን መጽሐፏን ዘግታ ቀረበችና እንድንደግምላት ለመነችን። ሦስት ጊዜ ደገምንላት። ከዚያም ቅጂውን በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ አኖርነው፤ ካሴቱንም ወደ ሣጥኑ መለስነው።