ወገብና ዳሌ የተጣሉበት ሱሪ

38 ዓመት ሙሉ መቀስና ሜትር ከእጄ ሳይለዩ የኖርሁ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ወደ ሱቄ የሚገባ ሰው አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚፈልግ ከአገባቡ ለማወቅ ብዙ አልቸገርም። ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር እየተሳሳቀ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ ለሐዘን ጥቁር የሚያሰፉ ከደጃፉ ቆመው የሚደርስበትን ቀን ብቻ ይጠይቃሉ፤ ሱሪ ይዛ የምትመጣ ሴት ግን፣ በተለይ ወገቧ ቀጠን ዳሌዋ ሰፋ ያለ እንደ ሆነ፣ ሱሪውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን በዓይኗ ቃኝታ፣ ለነፍስ አባቱ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ሰውነት እኮ አስቸጋሪ ነው» ብላ ትጀምራለች። «ሱሪው አስቸጋሪ ነው» ብላ የጀመረች እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም።

ነገሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሠርግ ቤት ስለ ወገብና ስለ ዳሌ ሲዘፈን እጁ እስኪቀላ የሚያጨበጭበው ሕዝብ፣ ያው አካል ሱሪ ሊለብስ በተነሣ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጥርበታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት እንኳ፣ መልክእ በሚባለው የድርሰት ዓይነት የቅዱሳንን አካል ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እየዘረዘሩ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ሐቌውንም (ወገቡንም) ጕልበቱንም አልዘለሉትም። በልጅነቴ ከደጀ ሰላም ተቀምጬ ያን ሲደገም እየሰማሁ ስላደግሁ ይሆናል፣ የሰውን አካል ክፍል በክፍል መቍጠር ከሙያዬ የቀደመ ልማድ ሆኖ የሚታየኝ።

ወንድ ሆኖ የሴት ዳሌ መለካት በአገራችን ሥርዓት ለለኪውም ለተለኪዋም የሚያሳፍር ነውና፣ ከሱቁ ጥግ መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤቴ ሜትሩን ይዛ ትለካለች፣ እኔ ከወዲህ እርሳስና ደብተር ይዤ የምትጠራውን ቍጥር እጽፋለሁ። በዚህ ዓይነት ብዙ ዘመን ስለ ሠራን ዛሬ ሁለታችን እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ነን፤ እኔ «ወገብ» ስል እርሷ ቍጥሩን፣ እኔ «ዳሌ፣ ከወፍራሙ ላይ» ስል እርሷ ቍጥሩን ትመልሳለች። ባለፈው ወር የመጣች አንዲት ወጣት መምህርት ወገቧ 74፣ ዳሌዋ 110፣ ጭኗ 66 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ዱካ ላይ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ተደርጎ በጐኗ በኩል ከወገቧ እስከ ዱካው ፊት ያለው ቁመት ይያዛል፤ ብድግ ትልና ሜትሩ ከፊት ወገቧ ተነሥቶ በእግሮቿ መካከል አልፎ ከኋላ ወገቧ ላይ ይደርሳል። የሱሪ ምሥጢሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ልክ ነው፤ ዳሌዋ የሞላ ሴት ከፊቷ ይልቅ የኋላዋ መንገድ ረዥም ነውና፣ ይህን ያልጠየቀ ሰፊ የቀረውን ሁሉ ቢያሳምር እንኳ፣ ሱሪው ለባሿ በተቀመጠች ቍጥር ከኋላ እየተሳበ ሲወርድባት ይኖራል።

እንግዲህ የ74 እና የ110 ልዩነት 36 ነው። ተሰፍቶ የሚመጣ የሴት ሱሪ፣ ከቱርክ ይምጣ ከቻይና፣ በአመዛኙ የሚቈረጠው ዳሌ ከወገብ በ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል በሚል ቀመር ነው፤ ልኩ ከአንዱ ቍጥር ወደሚቀጥለው ሲያድግም ወገቡና ዳሌው አብረው፣ እኩል እኩል ስለሚሰፉ፣ ልዩነቱ ንቅንቅ ሳይል በቦታው ይቀራል። ስለዚህ መምህርቷ ዳሌዋን የሚያስገባላትን ሱሪ ብትመርጥ ወገቡ 85 ሆኖ ይመጣና 11 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ከኋላዋ ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል፤ ወገቧን አስባ ያነሣችው እንደ ሆነ ደግሞ ከጭኗ አያልፍም። ብዙዎቹ ከዚህ ላይ ሲደርሱ ቀበቶ ይገዛሉ፤ ቀበቶ ግን የተረፈውን ጨርቅ እንደ ከረጢት አፍ ያጨማድደዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ ቀመር ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። በ1939 እና በ1940 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት፣ ሩት ኦብራየንና ዊልያም ሼልተን በመሩት ጥናት፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን እያንዳንዳቸውን በ59 ዓይነት ልክ አስለካ፤ ውጤቱም በ1941 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተለኩት በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ፤ ከነጭ ሴቶች በቀር የሌላው ልክም ከሒሳቡ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በኋላ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የልብስ ልክ ደረጃ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዳሌን ቀጭን፣ መካከለኛና ሙሉ ብሎ በሦስት ይከፍል ነበር፤ ደረጃው በ1983 እ.ኤ.አ. በይፋ ተሰረዘ፤ ዛሬ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ በመሰለው ልክ ይቈርጣል፤ ከመስቀያው ላይ ያ የሦስቱ ዳሌ ክፍፍል ሲታይ ግን ከስንት አንዴ ነው። በዚያው በ1958 እ.ኤ.አ. ዱፖን በሚባለው ኩባንያ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት ሊክራ የሚባለውን የሚሳሳብ ክር አወጣ። የሚሳሳብ ጨርቅ ለጭን የታዘዘ ምሕረት ነው፣ አልክደውም፤ ነገር ግን ወገቡ የሰፋ ሱሪ ተሳስቦ አይጠብም፤ ጨርቁም ከብዙ እጥበት በኋላ ደክሞ ከጕልበቱ ሲንጠለጠል የቀረውን ውበት ይዞ ይሄዳል።

ሌላውን ስወቅስ የራሴን በደል እንዳልሸሽግ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነውን ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለ40 ሴት ሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሱሪ እንድሰፋለት አዘዘኝና፣ ሠራተኞቹን ልላክልህ በማለት ፈንታ፣ ከስማቸው ፊት «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትልቅ» የሚል የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ላከልኝ። ገንዘቡ ቸግሮኝ ነበርና፣ ኅሊናዬ እየቈረቈረኝ፣ ከወረቀቱ ቈርጬ ሰፋሁ። ከእኩሌታው በላይ የሚሆነው ተመልሶ መጣ፤ ያልመለሱትም ስለ ተስማማቸው አልነበረም፤ ከመካከላቸው አንዲቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለባለቤቴ እንደ ነገረቻት፣ «ሰውነቴ ነው የተበላሸው» ብላ ሱሪውን ከቁም ሣጥኗ አስቀምጣ፣ ሹራብ ከወገቧ እያሰረች በቀሚስ ሥራ ትገባ ኖሯል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያልለካሁትን ሰው ሱሪ አልቈረጥሁም።

ተገዝቶ የመጣውን ማስተካከል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ልጆቼን የምላቸው፣ ጂንስ ስትገዙ ለዳሌያችሁና ለጭናችሁ ግዙ፣ ወገቡን ለእኔ ተዉልኝ ነው፤ የሰፋ ወገብ ይጠባል፣ የጠበበ ጭን ግን ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከሌለው ማንም ሊያሰፋው አይችልም። ልምድ የሌለው ሰፊ የተረፈውን 11 ሳንቲ ሜትር እንዳለ ከኋላው መካከለኛ ስፌት ላይ ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሐሜት እንደ ያዙ ጎረቤታሞች ጆሮ ለጆሮ ይገጥማሉ፣ የመቀመጫውም ስፌት ወደ ላይ ይሳባል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ የቀበቶውን ማስገቢያዎች እፈታለሁ፣ የወገቡን ድርብ ጨርቅ ከኋላ በኩል እነቅላለሁ፣ ከመካከለኛው ስፌት ላይ 5 ያህል እወስድና የቀረውን በግራና በቀኝ ከኪሱ በላይ ወደ ታች እየሾለ በሚያልቅ እጥፍ እከፍለዋለሁ፤ የወገቡንም ድርብ ጨርቅ ቀጥ ብሎ እንደ ነበረ አልመልሰውም፣ ከመካከሉ ቈርጬ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ አድርጌ እቀጥለዋለሁ፤ የሰው ወገብ ከታቹ እየሰፋ የሚሄድ ነውና፣ ቀጥ ያለ ጨርቅ እንዴት ይከተለዋል? በመጨረሻም የጂንሱን ድርብ ስፌት በዚያው በወፍራሙ ብጫ ክር እደግመዋለሁ። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዋጋውን ስናገር ግን «ለማጥበብ ብቻ?» የማትለኝ የለችም።

ሙያውን የተማርሁት ሐረር፣ ጀጐል ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ለመንገዱ ስም ከሆነበት ከመኪና ግርግር ነው። የሐረሪ እናቶች ከቀሚሳቸው ሥር የሚለብሱትን፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየጠበበ የሚወርደውን ጌይ ገናፊ መጀመሪያ ያየሁትም በዚያው ነው። ከዚህ የተነሣ፣ ሱሪ ለሴት ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው ሲሉኝ ዝም ብዬ አልሰማም። አንዳንዲቱ ደግሞ ከልክ በፊት የኦሪት ዘዳግምን 22፥5 አንሥታ፣ «ኀጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ሰፊ እንጂ መምህር አይደለሁምና ወደ ነፍስ አባቷ እመራታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በቀሚስ፣ ሥራ በሱሪ የሚሉት ብዙዎች ናቸው፣ ለሁለቱም እሰፋለሁ።

ለመምህርቷ ከአዲስ ጨርቅ ነበር የቈረጥሁላት፤ ለትምህርት ቤት የሚሆን ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከበድ ብሎ የሚወርድ። የኋላውን ቁራጭ ከፊቱ አስበልጬ፣ መካከለኛውን ስፌት አጋድሜ፣ በስፌቱ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተውሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይወልዳል። ለሙከራ በመጣች ዕለት በሰፊ ስፌት ጠቅሜ ሰጠኋትና ከመጋረጃው ወዲያ ገባች። ስትወጣ ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው ከፊት ነበር፤ ከብሽሽቱ ተነሥቶ ወደ ሁለቱ ጭኖች እንደ ፀሐይ ጨረር የሚበተን ሽብሽብ አልታየም፤ ያ ቢታይ የመቀመጫው ስፌት አጥሯል ማለት ነበር። ከኋላ፣ ከመቀመጫዋ በታች፣ ጨርቁ ትንሽ ተርፎ ታጥፏል፤ ባለቤቴ ሁለት መርፌ ቍልፍ ሰካችበት። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጭ አልናት፣ ተነሽ አልናት፣ ባለቤቴም የሱቁን ቁልፍ ሆን ብላ ከመሬት ጣለችና «እስቲ አንሽልኝ ልጄ» አለቻት።

ጐንበስ ስትል ቀኝ እጇ ከልማድ ወደ ኋላዋ ሄደ፣ ሱሪዋን ሊጐትት፤ የሚጐተት ነገር ስላላገኘ ለጥቂት ጊዜ ከወገቧ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ቀና ብላ ባለቤቴን አየቻት፣ ባለቤቴም እኔን።

«እትዬ፣ ከዚሁ ጨርቅ ይተርፋል?» አለች።

«ለሌላ ሱሪ አይበቃም» አልኋት እኔ።

«እንግዲያስ ጥቁሩን ገዝቼ አመጣለሁ፤ ግን ጋሼ፣ ለሁለት ከሆነ ትንሽ ቀንሱልኝ እንጂ።»