ስምን ከደላሎች መዝገብ ስለ ማስፋቅ

ደላላ የሚባለው ሰው በአገራችን የታወቀ ነው። ቤት የሚያከራይ ወይም በሬ የሚሸጥ ሰው ደላላ ይፈልጋል፤ ደላላውም በሻጭና በገዥ መካከል ቆሞ ያስማማል፣ ስለ ድካሙም ዋጋውን ይቀበላል። በዚህ ሥራ ነውር የለበትም፤ ሻጩም ገዥውም ደላላውን ያውቁታልና። ዛሬ የምንጽፍበት ደላላ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ የሚያሻሽጠው የሰውን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቤት አድራሻና የዘመድ አዝማድ ዝርዝር ነው። የስሙ ባለቤት መሸጡን አያውቅም፤ ከዋጋውም አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም።

ይህ ነገር ለመስቃን ሰው ምኑ ነው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የሰውን ስም የሚነግዱት ታላላቅ ድርጅቶች ያሉት ግን ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ዳሩ ግን የጉራጌ ቤተሰብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚኖር አይደለም። ወላጆች በአገር ቤት እንሰታቸውን ሲንከባከቡ፣ አንዱ ልጅ በመርካቶ ይነግዳል፣ ሌላዪቱ በአሜሪካ አገር ሠርታ ታድራለች። ለመስቀል በዓል ሁሉም ወደ ትውልድ ስፍራው በሚገባበት ጊዜ፣ ክትፎው ከቀረበ በኋላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ወጣቶቹ ለአባቶቻቸው አዲስ አፕሊኬሽን ይጭኑላቸዋል፤ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ የቤተሰቡንም ፎቶግራፍ ከነስም ዝርዝሩ በፌስቡክ ላይ ያወጣሉ። እንግዲህ በአንዱ ልጅ ስም የተከፈተ መዝገብ የቤተሰቡን ሁሉ በር የሚያሳይ ይሆናል ማለት ነው።

በአሜሪካ አገር የደላሎቹ አሠራር እንዲህ ነው። ሰው ቤት ሲገዛ ስሙ በመንግሥት መዝገብ ይጻፋል፤ ይህም መዝገብ ማንም ሊያየው የሚችል ነው። ከሱቅ የቅናሽ ካርድ ሲያወጣ፣ በስልኩ ላይ አፕሊኬሽን ሲጭን፣ ለሽልማት ዕጣ ቅጽ ሲሞላ፣ በየስፍራው ጥቂት ጥቂት ነገር ስለ ራሱ ይተዋል። ደላላው ይህን ሁሉ ለቃቅሞ በአንድ ገጽ ላይ ያቀናብረዋል። ከዚህ ንግድ አንጋፎች አንዱ የሆነው አክሲዮም የተባለው ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. በአርካንሳስ የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚሸጠው በተለይ ለነጋዴዎችና ለማስታወቂያ ሠሪዎች ነው። ከዚህ ይልቅ ለቤተሰብ የሚያሰጉት ኋይትፔጅስ፣ ስፖኪዮና ቢንቬሪፋይድን የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ዘንድ ማንም ሰው የአንዱን ስም ቢጽፍ ዕድሜውን፣ የኖረባቸውን ቤቶችና የዘመዶቹን ስም ማግኘት ይችላል፤ ጥቂቱን በነፃ፣ የቀረውን በገንዘብ።

አሁን አንድ አታላይ ይህን ይዞ ወደ እናት ስልክ ቢደውል ምን ይሆናል? ልጅዎ እገሌ፣ በእገሌ ከተማ የሚኖረው፣ ታስሯል፤ ወይም ሐኪም ቤት ገብቷል፤ ገንዘብ በቶሎ ያስፈልገዋል ይላል። እናት ልትጠራጠር ትችላለች፤ ነገር ግን ሰውየው የልጇን ሙሉ ስም ያውቃል፣ የእኅቱንም ስም ይጠራል፣ የሚኖርበትንም ከተማ አልሳተም። የእናት ልብ በዚህ ይሸነፋል። ቀድሞ ገንዘብ ለመላክ ባንክ ድረስ መሄድ ስላስፈለገ በመንገድ ላይ ልብ የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ገንዘቡ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው በቅጽበት ነው።

በአገራችን ስም የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም የወዳጆቻችን የስልክ ማውጫ ነው። ትሩኮለር የተባለው በ2009 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የተቋቋመው ድርጅት፣ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የደዋዩን ስም የሚያሳይ አፕሊኬሽን አለው። ጥቅሙን አንክድም፤ ከማናውቀው ሰው የሚመጣ ጥሪ ብዙዎችን ያስጨንቃልና። ሆኖም ስሙን ከየት አገኘው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከምንጮቹ አንዱ ተጠቃሚዎች ከስልካቸው ማውጫ የሚያካፍሉት ስም ነው። ስለዚህ አንዲት እናት አፕሊኬሽኑን በዓይኗ ሳታይ እንኳ፣ ጎረቤቷ በማውጫው ላይ በጻፈላት ስም ልትታወቅ ትችላለች። ጌትኮንታክት የሚባለው ሌላው አፕሊኬሽን ደግሞ ሰዎች ያንን ቁጥር በምን በምን ስም እንደ መዘገቡት ዘርዝሮ ያሳያል። በማውጫችን ላይ ‹‹በርበሬ ነጋዴዋ››፣ ‹‹ዕቁብ ሰብሳቢው››፣ ‹‹የአሜሪካው ልጅ አባት›› እያልን እንጽፋለን። ለእኛ ማስታወሻ ነው፤ ለሌባ ግን ገንዘብ ያለበትን ቤት የሚጠቁም ጣት ነው።

ስም በመዝገብ መጻፉ ራሱ ክፉ ነው አንልም። በዚያው በመስቃን ምድር በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ከስዊድን አገሩ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ 10 ቀበሌዎች ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥረው መዝግበዋል፤ 9ኙ የገጠር፣ 1ዱ የከተማ ነበሩ። ከዚያም በኋላ መዝጋቢዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ያገባውን፣ አገር የለቀቀውን ሲጽፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የሕፃናት ሞት ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ እናቶችም በምን እንደሚታመሙ ከዚህ መዝገብ ብዙ ትምህርት ተገኝቷል። በጥናቶቹ የሚወጣው ግን የብዛት ቁጥር እንጂ የእገሌ ወይም የእገሊት ስም አይደለም። ጠያቂው በደጃፍ ቆሞ ‹‹ስለዚህ ጉዳይ ነው የመጣሁት›› ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ፊቱን እያየ ይመልሳል። በዚህና በደላላው መዝገብ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጹ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ከልክሏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መከበር ደነገገ። በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ በሕግ በተወሰነውም ሁኔታ የማሰረዝ መብት አለው። አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መንግሥት፣ ባንክ ወይም የጤና ድርጅት በሕግ እንዲይዝ የታዘዘውን ግን ሰው ስለ ፈለገ ብቻ አያስፍቀውም፤ ይህን ማወቅ ከከንቱ ምልልስ ያድናል።

እንግዲህ ሥራው ከየት ይጀመር? ከቅርቡ ቢጀመር መልካም ነው። ስሙን ከትሩኮለር ለማስወጣት የሚሻ ሰው፣ አፕሊኬሽኑ በስልኩ ላይ ካለ አስቀድሞ በውስጡ የከፈተውን አካውንት ይዝጋ፤ እንዲያው ከስልክ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥርን ከዝርዝር ማስወጫ ገጽ አለና፣ በ251 የሚጀምረውን ሙሉ ቁጥር በዚያ ይጻፍ። ድርጅቱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚያነሣው ያስታውቃል። የቴሌግራም ተጠቃሚዎችም በቅንብሩ ውስጥ ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ ማድረግ ይችላሉ። አዲስ አፕሊኬሽን የስልክ ማውጫችሁን ልይ ብሎ ሲጠይቅም እምቢ ማለት ይቻላል፤ ማውጫው የእናንተ ብቻ ሳይሆን የወዳጆቻችሁም ነውና።

በአሜሪካ ያሉት ልጆች ሥራ ይበዛባቸዋል። በስፖኪዮ ዘንድ ስማቸው የተጻፈበትን ገጽ ፈልገው አድራሻውን በማስወጫው ቅጽ ላይ ያኖራሉ፣ በኢሜል የሚመጣውንም ማረጋገጫ ይጫናሉ፤ ኋይትፔጅስ ደግሞ በስልክ ደውሎ ያረጋግጣል። ይህን የሚሠሩላችሁ ነን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ፤ ነገር ግን በእጅ የሚሠራውን ገንዘብ ሳይከፍሉ መጨረስ ይቻላል። ስሙም ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል በየጥቂት ወሩ መመልከት ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ የሚኖሩት ከሁሉ ዕድለኞች ናቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አንድ ማመልከቻ ለተመዘገቡት ደላሎች ሁሉ የሚደርስበት ሥርዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቶላቸዋል። ደላሎቹም ከሐምሌ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በየ45 ቀኑ ማመልከቻውን እያዩ እንዲሰርዙ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ጎግልም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሰው ስልክና የቤት አድራሻ ከፍለጋው ውጤት እንዲወጣለት ሲጠየቅ ይመለከታል፤ ይህ ግን መንገዱን ይዘጋል እንጂ ገጹን ከምንጩ አያጠፋም።

ስለ ዕድራችንና ስለ ሰበካችን አንድ ቃል እንጨምር። የዕድርተኞች ስም ከነስልካቸው፣ ለሕንፃ ማሠሪያ የተዋጣው ገንዘብም ከነሰጪው ስም በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር እናያለን። በቅን ልብ የሚደረግ ነው፤ ዳሩ ግን ይህ ወረቀት ለአታላይ ሰው የተሰናዳ ማዕድ ይሆንለታል። ጸሐፊው የብር ልኩንና የደረሰኙን ቁጥር ብቻ ቢያወጣ ሒሳቡ ግልጽ ሆኖ ይቀራል። አስቀድሞ የወጣውን ለማስነሣት በአገራችን ላለ ለማንኛውም መዝገብ ያዥ የሚከተለውን ጽፎ መስጠት ይቻላል፤

‹‹እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው፣ በእናንተ ዘንድ ያለውን ስለ እኔ የተያዘ መረጃ ዝርዝር እንድታሳውቁኝ፣ ከየት እንዳገኛችሁትና ለማን እንደሰጣችሁት እንድትገልጹልኝ፣ ስልክ ቁጥሬንና የመኖሪያ አድራሻዬን ያለ ፈቃዴ ለሌላ ያስተላለፋችሁበትን ገጽ እንድትሰርዙ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት እጠይቃለሁ።››

ቀኑ ይጻፍበት፤ ፊርማ ይኑርበት፤ አንዱ ቅጂ ከተቀባዩ ፊርማ ጋር በቤት ይቀመጥ። መልስ የተከለከለ ሰው ወደ ባለሥልጣኑ ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህንኑ ቅጂ ነው።