የበቀለ ጥጥ ለምን ታረሰ?

ገበሬ የሚያርሰው ለመዝራት ነው። አምሮ የበቀለን ሰብል ከነሥሩ ገልብጦ የሚያርስ ገበሬ አይተን እናውቃለን? ሽልሻሎ ማለታችን አይደለም፤ ሰብሉን ለማጥፋት ማረስ ማለታችን ነው። በአሜሪካ አገር በ1933 ይህ ሆኗል። ያውም መንግሥት ገንዘብ እየከፈለ! ነገሩ እንዴት እንደሆነ እስቲ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገበያው እንዴት ወደቀ?

በ1929 በኒውዮርክ ከተማ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። አክሲዮን ማለት ሰው በአንድ ኩባንያ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ባንኮች ከሠሩ፤ ፋብሪካዎችም ሠራተኛ አባረሩ። በ1933 ከ4 ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር።

ሥራ የሌለው ሰው ልብስ አይገዛም። ልብስ ካልተገዛ ጥጥ ፈላጊ የለውም። አንድ ፓውንድ ጥጥ፣ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ በ1929 ወደ 17 ሳንቲም ያወጣ ነበር። በ1932 ግን ወደ 6 ሳንቲም ወረደ። የገበሬው ዕዳ ግን አልወረደም። ስለዚህ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል ብሎ ብዙ አመረተ። ሁሉም ብዙ ሲያመርት ዋጋው ይባስ ብሎ ወደቀ።

መንግሥት ምን አደረገ?

በ1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ባንኮችን ለጥቂት ቀናት ዘግተው አስመረመሩ፤ ደኅና የሆኑትን አስከፈቱ። በዚያው ዓመት የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ወጣ። የሕጉ ሐሳብ አጭር ነው፤ ምርት ቢቀንስ ዋጋ ይወጣል። መሬቱን ጦም ላሳደረ ሰው መንግሥት ይከፍላል። ገንዘቡም ጥጥ ከሚፈትሉና ስንዴ ከሚፈጩ ፋብሪካዎች በቀረጥ ይሰበሰባል።

ሕጉ ሲወጣ ግን ጥጡ በቅሏል። ስለዚህ ወደ 4 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ። ይህ በእኛ አገር በድሮው ልክ 100,000 ጋሻ ያህል ነው። እዚያ የሚታረሰው በበቅሎ ነበር። በቅሎዎቹ ሰብል እንዳይረግጡ የተገሩ ስለሆኑ፣ ጥጡን አንረግጥም ብለው አስቸገሩ ተብሎ በጊዜው ተወርቷል። 6 ሚሊዮን ያህል አሳማዎችም ታረዱ፤ አብዛኞቹ ግልገል ነበሩ። በየከተማው ሰው ዳቦ ለማግኘት ተሰልፎ ሳለ ይህ መደረጉ ብዙዎችን አስቆጣ።

ገንዘቡ ማን እጅ ገባ?

በ1933 የጥጥ ዋጋ ወደ 10 ሳንቲም ወጣ። እኛም በትምህርት ቤት ይህን ስንሰማ «መድኃኒቱ ሠራ» ብለን ነበር። ማን እንደዳነ ግን አልጠየቅንም።

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥጥ ከሚያርሱት ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውም። እንደ ድሮው የእኛ ጭሰኛ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ነበሩ፤ ጥቁሮችም ነጮችም። ከመንግሥት ጋር ውል የሚፈርመው ባለመሬቱ ነው። ሒሳቡን የሚጽፈውም እሱው ነው። ከአራሾቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። አራሹ ድርሻ ይገባዋል ቢባልም፣ ብዙ ባለመሬቶች «ይህ ለዕዳህ ነው» እያሉ አስቀሩበት። የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተባረረ።

በ1934 በአርካንሶ ክፍለ ግዛት ጥቁርና ነጭ አራሾች በአንድነት ማኅበር አቋቋሙ። መባረር እንዲቀር፣ ድርሻቸውም በእጃቸው እንዲሰጥ ጠየቁ። በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ መንግሥትም በሌላ ሕግ ተካው። በ1937 መሬት ለሌላቸው አራሾች የመሬት መግዣ ብድር የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ብድሩን ያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። መንግሥት ገንዘብ አወጣ ሲባል «ስንት?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በማን ስም ተጻፈ? ማን ፈረመ? ከማን እጅ ደረሰ? የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ራሱ አይቶ ይህን ሊጠይቅ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ገበሬው ብዙ ሲያመርት ለምን ደኸየ?
2. የጥጥ ዋጋ ሲወጣ የተጠቀመው ማን ነው? የተጎዳውስ?