ፈረስን በፒክአፕ መኪና ተሳቢ ስለ ማጓጓዝ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር አብሮ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ተብለው ይጠሩ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት መኪናን በተቀበሉ ጊዜ የፈረስ ዘመን ያበቃ መስሎት የነበረ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፈረስ ከአገራችን መንገድ አልጠፋም፤ እንዲያውም ዛሬ ፈረሱን ራሱን በመኪና ማመላለስ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሷል።

ይህ ነገር በተለይ የጎጃምን አገር ይመለከታል። በመራዊ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ፈረስ ጋሪ ይስባል፤ በአገው ደጋ ደግሞ ገበሬው ይጋልብበታል፥ ይጭንበታል፥ ያርስበታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። ፈረሰኛው ወደዚያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ነው። ሆኖም ሩቅ አገር ያለ ሰው ፈረሱ ሳይደክም እንዲደርስለት ይፈልጋል፤ የታመመ ፈረስ ያለውም ወደ ሐኪም ሊወስደው፥ የገዛውም ወደ ቤቱ ሊያመጣው ይሻል። ስለዚህ ባለ ፈረሱ ፒክአፕ መኪናና ተሳቢ ያለውን ሰው ይለምናል።

በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ መኪና ይስበዋልን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ፒክአፕ ሁለት ፈረስ የጫነውን ተሳቢ በሜዳ ላይ ለመሳብ ብዙም አያቅተው። መጠየቅ የሚገባው «ይህ መኪና ቁልቁለት ላይ ያቆመዋልን?» ተብሎ ነው። አደጋ የሚደርሰው መሳብ ባቃተው መኪና ሳይሆን መቆም ባቃተው መኪና ነውና።

መልሱ የሚገኘው በሚዛን ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ከመራዊ ሁለት ፈረስ ወደ እንጅባራ ሊወስድ አሰበ እንበል። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። እያንዳንዱን 250 ኪሎ ብንለው ሁለቱ 500 ኪሎ ይሆናሉ። ባዶው ተሳቢ 900 ኪሎ፥ መኖውና ውሃው ከኮርቻው ጋራ 100 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 1,500 ኪሎ ነው። ከውጭ አገር የመጣ የስፖርት ፈረስ ግን አንዱ 500 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን፥ በዚያው ተሳቢ ሁለት ቢጫኑ ድምሩ ከ2,000 ኪሎ ያልፋል።

ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ይወስናሉ። ባዶው ተሳቢ ብቻውን ይህን ልክ ካለፈ፥ የራሱ ፍሬን በሌለው ተሳቢ ፈረስ መጫን ፈጽሞ አይገባም። ፍሬን ላለው ተሳቢ የተፈቀደው ክብደት እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያልና ከመኪናው ጋራ ከሚሰጠው መጽሐፍ ተመልክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ደግሞ የተሳቢው ክብደት ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም። ከድምሩ አንድ አሥረኛው ያህል በመኪናው ጋንቾ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ይህ ከቀነሰና ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መሪውንም ከሾፌሩ እጅ ይነጥቃል። እጅግ ከበዛም የመኪናውን የኋላ ባሌስትራ ያጎብጣል፤ የፊት ጎማውን ያቀልልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ከላይ በተቆጠረው ምሳሌ በጋንቾው ላይ የሚያርፈው 150 ኪሎ ነው፤ ይህም መኪናው ራሱ ከሚሸከመው ጭነት ላይ ይታሰባል። አምስት ሰውና አራት ኩንታል እህል ቢጨመርበት አንድ ቶን ለመሸከም የተሠራ ፒክአፕ ልኩ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

የአገሩም ከፍታ አይረሳ። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፥ እንጅባራ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ይላሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ መቶኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ እንጅባራ ሲደርስ ሩቡ ያህል ጎድሎበታል። ሾፌሩ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይውጣ እንጂ ሞተሩን አያስጨንቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቁልቁለቱ ነው። ፈረስ ጭኖ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪናው፥ ተሳቢውና ጭነቱ በአንድነት አራት ቶን ቢሆኑ፥ በዚህ ቁልቁለት ሙሉ በፍሬን ተይዘው ቢወርዱ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ሁሉ የሚሸከም የፍሬን ሸራ የለም። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይትም ይፈላና ሾፌሩ ቢረግጠው ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ቆሞ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መግባት፥ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ፥ ፍሬኑንም አጥብቆ እየረገጡ መልቀቅ እንጂ ሳያቋርጡ ረግጦ አለመውረድ ያስፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆንም ሾፌሩ ሁሉ ይወቅ።

ፈረሱም እንደ ኩንታል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም። ቆሞ የሚጓዝ እንስሳ ስለ ሆነ በየመታጠፊያው ሚዛኑን በእግሩ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ በድንገት ቢያቆም ወይም በፍጥነት ቢታጠፍ ይወድቃል። ከዚህ የተነሣ የሚከተለው ሥርዓት ይጠበቅ።

1ኛ፤ የተሳቢው ወለል ጣውላ አለመበስበሱ ይታይ፤ እግሩ እንዳያዳልጠውም ላስቲክ ይነጠፍበት።

2ኛ፤ ፈረሱ ሲገባ አስቀድሞ የኋላው መወርወሪያ ይዘጋ፥ ከዚያ በኋላ ራሱ ይታሰር። ሲወርድ አስቀድሞ ራሱ ይፈታ፥ ከዚያ በኋላ መወርወሪያው ይከፈት። ይህ ቢገለበጥ ፈረሱ ወደ ኋላ ሲሸሽ በገመዱ ይያዝና ራሱን ይጎዳል።

3ኛ፤ ገመዱ ባንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይኑረው፤ ፈረሱም ራሱን ዝቅ ለማድረግ ይቻለው። አንገቱ ተሰቅሎ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ፈረስ አቧራውንና አክታውን ማውጣት ስለማይችል ሳንባውን ይታመማል።

4ኛ፤ አንድ ፈረስ ብቻ የተጫነ እንደ ሆነ በግራ በኩል ይቁም፤ ሁለት ከሆኑ የሚከብደው በግራ ይሁን። በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ መንገዱም ወደ ቀኝ ዳር ስለሚያዘነብል ነው።

5ኛ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ ጥላ ባለበት ስፍራ ቆሞ ውሃ ማጠጣት፤ በዚያም ጊዜ ጎማውንና ጋንቾውን በእጅ እየዳሰሱ መመርመር ይገባል።

6ኛ፤ ጋንቾው ቢላቀቅ ተሳቢውን የሚይዙ ሁለት ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ የኋላ መብራቱና ፍሬቻውም መሥራቱ ይረጋገጥ።

ይህን የማያሟላ ሰው ፈረሱን በፒክአፑ ጀርባ ላይ አቁሞ ልሂድ ቢል ከፊተኛው የባሰ አደጋ ነው፤ የቆመ ፈረስ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። ለእርሱ የሚሻለው ጎኑ ከፍ ያለ የጭነት መኪና መከራየት ነው። መንገዱ ቅርብ ከሆነም ፈረሱ በእግሩ ይሂድ፤ ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ ለደኅና ፈረስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

የወረዳ ሹማምንት በዚህ ነገር የሚረዱት ብዙ አለ። ከጥር 23 በፊት ባሉት ቀናት ተሳቢዎችን በየከተማው መግቢያ አስቁሞ ፍሬናቸውን፥ ሰንሰለታቸውንና መብራታቸውን ማስመርመር፤ የእህል ሚዛን ባለበት ስፍራ ተሳቢው ከነጭነቱ እንዲመዘን ማድረግ፤ ፈረሱም ከመጫኑ በፊት በእንስሳት ሐኪም እንዲታይ ማዘዝ ይገባቸዋል። የታመመ ፈረስ በመኪና በአንድ ቀን ሩቅ አገር ይደርሳልና በሽታውንም በዚያው ፍጥነት ያደርሰዋል። ደግሞም በገበያ ቀን አስፋልቱ ሸክም በተሸከሙ ሴቶች፥ በልጆችና በአህዮች የሚሞላ ስለ ሆነ፥ ፍሬኑ ያልያዘ ተሳቢ የሚገድለው ፈረሱን ብቻ አይደለም።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ፒክአፑም እንዲሁ ይስባል እንጂ አያስብም፤ ማሰብ የባለ ፈረሱ፥ የሾፌሩና የሹሙ ፈንታ ነው። አንድ ፈረስ ለገበሬው የብዙ ዓመት ጥሪቱ ስለ ሆነ፥ ጉዞው ሳይጀመር በሚዛን ፊት የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ለማንም አይክበደው።